ከአንዲት ጥርስ የተነሣ፦ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽንን ጊር በሌዘር መቅረጫ በቤት ውስጥ ስለ መሥራት

የዶሮ እንቁላል በመፈልፈያ ማሽን ውስጥ 21 ቀን ይቆያል። ከእነዚህ ቀናት የመጀመሪያዎቹን 18 ቀናት እንቁላሉ በየጊዜው መገላበጥ ይኖርበታል። እናት ዶሮ ይህን ተግባር በመንቁሯና በእግሯ ስትፈጽመው፣ ማሽኑ ግን በአንዲት ትንሽ ሞተርና ሞተሯን ከእንቁላል መደርደሪያው ጋር በሚያገናኙ ሁለት ወይም ሦስት ባለጥርስ መዘውሮች፣ በተለምዶ ጊር በምንላቸው፣ ያከናውነዋል። መገላበጡ ሲቋረጥ በእንቁላሉ ውስጥ በማደግ ላይ ያለው ጽንስ ከቅርፊቱ የውስጥ ሽፋን ጋር ይጣበቃል፤ በተለይም በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰ መቋረጥ ጉዳቱ የከፋ ነው። በመሆኑም ጥቂት ግራም የምትመዝን የፕላስቲክ ጊር አንድ ጥርሷ ሲሸረፍ፣ ሙቀቱም እርጥበቱም እንደተጠበቀ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው እንቁላል ሁሉ ለአደጋ ይጋለጣል። በእጅ መገላበጥ ይቻላል፤ ይህም በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ መሆን አለበት። ሆኖም ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሙቀትና እርጥበት ይባክናል፤ ደግሞም ለ18 ቀናት ሳይታክት የሚነሣ ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለችውን ጊር ከገበያ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ማሽኑ በሙሉ ይሸጣል እንጂ መለዋወጫው ለብቻው አይመጣም። በዚህ ጽሑፍ ለፎቶ ፍሬምና ለስም ሰሌዳ መቅረጫነት በየቤቱና በየትንንሽ ሱቁ እየገባ ባለው የሌዘር ማሽን ይህችን ጊር እንዴት መሥራት እንደሚቻል፣ እንዲሁም የት ላይ መቆም እንደሚገባ እንመለከታለን።

በቤት ውስጥ የሚገኙት የሌዘር መቅረጫዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው በዳዮድ የሚሠራው ሲሆን 450 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ክፍት ማሽን ነው። ሁለተኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ቱቦ የሚሠራው ሲሆን፣ ብርሃኑ 10,600 ናኖሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና በዓይን የማይታይ ነው። የልዩነቱ ፍሬ ነገር በጥሬ ዕቃው ላይ ይገለጣል። ሰማያዊው ብርሃን በመስታወት ውስጥ እንደሚያልፍ ሁሉ በጠራ አክሪሊክ ውስጥም ሳይቆርጠው ያልፋል፤ ጥቁር አክሪሊክንና ስስ እንጨትን ግን ይቆርጣል። የጋዙ ሌዘር የጠራውንም ጥቁሩንም ይቆርጣል። ማሽን ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢያን በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናስታውስ፤ በዳዮድ ማሽኖች ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ከመስመር የሚስበው የኤሌክትሪክ ኃይል እንጂ የሚወጣው የብርሃን ኃይል አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው የብርሃኑ ዋት ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ስስ ጣውላ በትዕግሥትና በድግግሞሽ ለመቁረጥ ከ5 እስከ 10 ዋት የብርሃን ኃይል ይበቃል።

ወደ ጊሯ እንመለስ። የተሰበረችውን ጊር ለመተካት መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሞጁል የሚባለው ልክ ነው። ሞጁል የጥርሶችን ትልቅነት የሚወስን ቁጥር ሲሆን፣ ሞጁላቸው የተለያየ ሁለት ጊሮች ፈጽሞ አይገጣጠሙም። አገኛኘቱ ቀላል ነው፤ ጥርሶቹ ይቆጠራሉ፣ ከዚያም በካሊፐር ከጥርስ ጫፍ እስከ ትይዩው ጥርስ ጫፍ ያለው ዲያሜትር ይለካል፤ ይህም ለጥርሶቹ ብዛት 2 ተደምሮ በሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ለምሳሌ ጊሯ 18 ጥርስና 30 ሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትር ካላት፣ 30 ለ20 ሲካፈል 1.5 ይሆናል። የጥርሶቹ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ ግን በአንዱ ጥርስ ትይዩ የሚገኘው ጥርስ ሳይሆን ክፍተት ስለሆነ፣ ከመካከለኛው ቀዳዳ ማዕከል እስከ ጥርሱ ጫፍ ለክቶ በ2 ማባዛት ይሻላል።

አሮጌ ጊር ያለቀ ጥርስ ስለሚኖረው ልኩ 29.8 ወይም 29.7 ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ውጤቱን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይገባል። ለዚህ የሚረዳው በሁለቱ ዘንጎች ማዕከል መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ዘንጎቹ ከማሽኑ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው እንደ ጥርስ አያልቁም። ተጓዳኟ ጊር 54 ጥርስ ቢኖራት የሁለቱ ድምር 72 ነው። በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት 54 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ሁለት እጥፉ 108 ለ72 ተካፍሎ ያንኑ 1.5 ይሰጣል። ሁለቱ ስሌቶች ከተስማሙ በልበ ሙሉነት መቀጠል ይቻላል። ውጤቱ 1.59 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ጊሯ በሚሊ ሜትር ሳይሆን በኢንች የተሠራች መሆኗን መጠርጠር ይገባል፤ በአንድ ኢንች ዲያሜትር 16 ጥርስ የሚመደብበት ልክ ወደ ሞጁል ሲቀየር 1.5875 ነውና።

ጥርሱ ለምን ጎበጥ ያለ ቅርጽ እንዳለው አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። በ1901 በግሪክ አንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ ከባሕር ሥር በወጣው ጥንታዊ የነሐስ መሣሪያ ላይ ያሉት ጊሮች ጥርሳቸው ቀጥ ያለ ሦስት ማዕዘን ነው። ለሰማይ አካላት ስሌት ቀስ ብሎ በእጅ ለሚዞር መሣሪያ ይህ በቂ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሦስት ማዕዘን ጥርስ ኃይልን ሲያስተላልፍ በእያንዳንዱ ጥርስ መለዋወጫ ላይ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያንገጫግጫል። ዛሬ በአብዛኛው ጊር ላይ የምናየው ቅርጽ ኢንቮሉት ይባላል፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቁ ሌኦንሃርድ ኦይለር ለጊር ጥርስ ተስማሚ መሆኑን ያጠናው ቅርጽ ነው። ይህን ቅርጽ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወፍራም ግንድ ላይ የታሰረ ጥጃ ገመዱን እንደወጠረ ግንዱን ሲዞር ገመዱ እየተጠቀለለ ያጥራል፤ በዚህ ጊዜ የጥጃው እግር መሬት ላይ የሚጽፈው ጠመዝማዛ መስመር ኢንቮሉት ነው። ሁለት ጥርሶች በዚህ ቅርጽ ሲነካኩ የፍጥነታቸው ንጻሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይለዋወጥ ይዘልቃል። ከዚህም በላይ የዘንጎቹ ርቀት በጥቂቱ ቢዛነፍ እንኳ ንጻሬው አይለወጥም፤ ለቤት ውስጥ ሠሪ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ከዚህ ጋር የግፊት ማዕዘን የሚባል ሁለተኛ ቁጥር አለ። በአሁኑ ዘመን 20 ዲግሪ የተለመደ ሲሆን፣ በአሮጌ ማሽኖች 14.5 ዲግሪ ይገኛል፤ ሁለቱ ተጓዳኝ ጊሮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። በ20 ዲግሪ ጊር ላይ የጥርስ ብዛት ከ17 በታች ሲወርድ የጥርሱ ሥር እየተቦረቦረ ይቀጥናል፤ ስለሆነም በምሳሌያችን ያለችው ባለ18 ጥርስ ጊር ከድንበሩ በላይ ነች።

ሥዕሉን በእጅ መሳል አያስፈልግም። ኢንክስኬፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ጊር የሚስል መሣሪያ በውስጡ አለው፤ ሞጁልን ሳይሆን ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለውን የቅስት ርቀት ስለሚጠይቅ ሞጁሉን በ3.1416 ማባዛት ነው፤ ለእኛዋ ጊር 4.712 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፍሪካድ የተባለው ሌላው ነጻ ፕሮግራም በተጨማሪ ክፍሉ ሞጁሉን በቀጥታ ይቀበላል። ሥዕሉ እንዳለቀ በወረቀት ላይ በትክክለኛው ልክ አትሞ አሮጌዋን ጊር በላዩ ማስቀመጥ ጥሬ ዕቃ ከማባከን ያድናል።

አሁን ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የሌዘር ብርሃን ስለት የለውም፤ የሚቆርጠው አቃጥሎ ነው፤ የሚያቃጥለውም ስፋት ያለው መስመር ነው። ይህን የቃጠሎ ክፍተት እንበለው። ብርሃኑ በሥዕሉ መስመር መካከል ስለሚሄድ የክፍተቱ ግማሽ ከጥርሱ ላይ፣ ግማሹ ደግሞ ከሚጣለው ቁራጭ ላይ ይወሰዳል። የክፍተቱ ስፋት በማሽኑ፣ በጥሬ ዕቃው፣ በፍጥነቱና በትኩረቱ ይለያያል፤ ስለዚህ ከሌላ ሰው ቁጥር መዋስ አይጠቅምም፣ ራስን መለካት ነው። አለካኩም እንዲህ ነው። ጎናቸው 10 ሚሊ ሜትር የሆኑ 10 ካሬዎች ተለያይተው ይሳሉና ጊሯ በምትሠራበት በዚያው ጥሬ ዕቃ ላይ ይቆረጣሉ፤ ከዚያም በአንድ ረድፍ ተጣብቀው ይደረደሩና ጠቅላላ ርዝመታቸው ይለካል። 100 መሆን የሚገባው 98.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከተገኘ የጎደለው 1.8 ለ10 ተካፍሎ 0.18 ሚሊ ሜትር የቃጠሎ ክፍተት መኖሩን ያሳያል። ካሬዎቹን ሁሉ ሩብ ዙር አዙሮ በሌላው ጎናቸውም መለካት መልካም ነው፤ የዳዮድ ብርሃን ነጥብ ክብ ሳይሆን ሞላላ ስለሆነ በሁለቱ አቅጣጫ ልዩነት ሊታይ ይችላል።

0.18 ሚሊ ሜትር ለፎቶ ፍሬም ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ለጊር ግን እንዲህ አይደለም። ሞጁሉ 1.5 የሆነ ጥርስ በመገናኛው ክብ ላይ ውፍረቱ 2.356 ሚሊ ሜትር ነው። ሥዕሉ እንዳለ ከተቆረጠ ጥርሱ ወደ 2.176 ይቀጥናል፤ ጊሯም በተጓዳኟ ጥርሶች መካከል ትወዛወዛለች። የቀዳዳው ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሳለው ቀዳዳ 6.18 ሆኖ ይወጣና በዘንጉ ላይ ይሾራል። ስለዚህ የውጭው መስመር በክፍተቱ ግማሽ፣ ማለትም በ0.09 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የቀዳዳው ዲያሜትር ደግሞ 5.82 ሆኖ ይሳላል። ይሁንና ጥርሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ልኩ መመለስም አይመከርም። ጥርስና ክፍተት ፍጹም እኩል ሲሆኑ ጥቂት ጥላሸት እንኳ ጊሮቹን ያጣብቃቸዋል። በ0.09 ፈንታ በ0.05 ብቻ ብንገፋው እያንዳንዱ ጥርስ ከልኩ 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥኖ ይወጣል፤ ለእንዲህ ያለ ዝግተኛ ሥራ ይህ ልል መጠን ተስማሚ ነው። ጥርሱ እያነሰ በሄደ መጠን ይህ ሁሉ እየከበደ ይሄዳል፤ በእኛ አስተያየት ሞጁሉ ከ1 በታች የሆነ ጊር በቤት ሌዘር ባይሞከር ይሻላል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የብርሃኑ ቅርጽ ነው። ብርሃኑ ወገቡ የቀጠነ ሆኖ ስለሚወርድ የተቆረጠው ግድግዳ ፍጹም ቀጥ ያለ አይሆንም፤ ከላይና ከታች ያለው ልክ በጥቂቱ ይለያያል። ትኩረቱን በጣውላው ላይኛ ገጽ ላይ ሳይሆን ወደ ውፍረቱ መካከል ዝቅ ማድረግ ልዩነቱን ይቀንሰዋል። ጊሯ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት የሚያስፈልጋት ከሆነ ሁለት ባለ3 ሚሊ ሜትር ቁራጮችን ደርቦ ማጣበቅ ይመረጣል፤ ሲደረቡ አንደኛው ተገልብጦ ፊት ለፊት እንዲገናኙ ይደረጋል፣ የአንዱ ዘንበል ማለት በሌላው ይካካሳልና። ጥርሶቹ በትክክል እንዲጋጠሙም ከመካከለኛው ቀዳዳ ውጭ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎችን በትይዩ ቆርጦ ኮላው እስኪደርቅ ችንካር ማስገባት ይጠቅማል። የሞተሩ ዘንግ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ቀዳዳውም ጠፍጣፋ ጎን እንዲኖረው ከመጀመሪያው መሳል ነው።

ጥሬ ዕቃን በተመለከተ ጉዳዩ የሚወሰነው በማሽኑ ውስጥ ባለው አየር ነው። በመፈልፈያው ውስጥ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን እርጥበቱ በመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ከ50 በመቶ በላይ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ደግሞ ከ65 በመቶ በላይ ይደረጋል። ኮምፔርሳቶ ለጊር ከተራ ጣውላ ይሻላል፤ ንብብሮቹ በተለዋጭ አቅጣጫ ስለተጣበቁ ጥርሱ በየትኛውም በኩል በእንጨቱ መስመር ተከትሎ አይሰነጠቅም። ነገር ግን እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ያቺ በጥንቃቄ የለካናት 0.08 ሚሊ ሜትር በእርጥበቱ ልትዋጥ ትችላለች። ኤምዲኤፍም ከዚህ የባሰ ነው። አክሪሊክ ግን በዚህ ሙቀትም ሆነ በዚህ እርጥበት ቅርጹን አይለውጥም፤ ስለዚህ ለመፈልፈያ ማሽን አክሪሊክ ይመረጣል። ከማሽኑ ውጭ በደረቅ ቦታ ለሚዞር ጊር ኮምፔርሳቶ በቂ ነው፤ ጥርሶቹ በሰም ቢታሹ፣ የጧፍ ቁራጭም ቢሆን፣ ያለ ድምፅ ይዞራሉ።

አክሪሊክ ግን አንድ ጠላት አለው። በሌዘር የተቆረጠ ጠርዝ በቃጠሎው ምክንያት በውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል፤ አልኮል ሲነካው ወዲያው በጥቃቅን ስንጥቆች ይሸፈናል። ከአንድ ፍልፈላ በኋላ ማሽኑን በአልኮል ማጽዳት የተለመደ በመሆኑ፣ ጊሯን አስቀድሞ አውጥቶ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። ይህን ለማሽኑ ባለቤት በቃል ነግሮ መሄድ ሳይሆን በማሽኑ ክዳን ላይ ጽፎ መለጠፍ ነው።

ፒቪሲ በምንም ዓይነት በሌዘር አይቆረጥም። ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ያለበት ሲሆን ሳንባን ይጎዳል፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝም አሲድ ሆኖ የማሽኑን ብረት ያዝጋል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የፕላስቲክ ቁራጭ ከማሽኑ ሥር አለማስገባት ነው። የአክሪሊክና የኮምፔርሳቶ ጭስም ቢሆን በመስኮት በኩል በማራገቢያ መውጣት አለበት።

ስለ ዓይንም አጥብቀን እንናገር። ሰማያዊው የዳዮድ ብርሃን በዓይን ብሌን አልፎ የውስጡን ሽፋን ያቃጥላል፤ ከብረት ላይ ተንጸባርቆ የመጣ ብርሃን እንኳ ለዚህ ይበቃል፤ የደረሰውም ጉዳት አይመለስም። የጋዙ ሌዘር ደግሞ የዓይንን የፊት ሽፋን ይጎዳል። መከላከያ መነጽሩ ለማሽኑ የብርሃን ርዝመት የተሠራ መሆን አለበት፤ ለአንዱ የሚያገለግለው ለሌላው ላያገለግል ይችላል፤ የፀሐይ መነጽርማ ለማንኛቸውም አይሆንም። ማሽኑ ክፍት ከሆነ ሕፃናት በሚመላለሱበት ክፍል ውስጥ ሊሠራበት አይገባም። በሥራ ላይ እያለም ትቶት መሄድ አይቻልም፣ ስስ እንጨት በእሳት የሚያያዘው በአንድ አፍታ ነው። መብራት በመካከል ቢጠፋ ማሽኑ የነበረበትን ቦታ ይስታል፤ ስለዚህ የጥሬ ዕቃውን ማዕዘን ከጠረጴዛው ላይ በማይነቃነቅ ማስደገፊያ መያዝና የመነሻውን ነጥብ ምልክት ማድረግ ሥራውን ከዚያው ለመቀጠል ያስችላል።

የተቆረጠችው ጊር ወደ ማሽኑ ከመግባቷ በፊት ከተጓዳኟ ጋር በእጅ ሙሉ ዙር ትዞራለች። ባለ18 ጥርሷ በባለ54ቷ ላይ ሦስት ጊዜ ስትዞር ትልቋ አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ በዚህ ሁሉ የሚያዝ ቦታ ካለ በእርሳስ ምልክት አድርጎ በስስ ሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ከዚያ መደርደሪያውን በባዶው፣ ቀጥሎም የእንቁላሉን ክብደት በሚያህል ጭነት አንድ ሙሉ ቀን ማሠራት ያስፈልጋል። የአንድ እንቁላል ክብደት እስከ 60 ግራም ቢታሰብ 50 እንቁላል ከ3 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ጨው ወይም አሸዋ በፌስታል መዝኖ ማስቀመጥ ይቻላል። እንቁላል ለሙከራ አይቀርብም። ጊሮች ሲሠሩም አንድ ሳይሆን ሦስት መቁረጥና ሁለቱን ከማሽኑ ጋር አስሮ ማስቀመጥ ተጨማሪ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው።

የዚህ አሠራር ወሰን የት ነው? ሌዘሩ ከላይ ወደ ታች ብቻ ስለሚቆርጥ ጥርሳቸው ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ጊሮችን እንጂ ጥርሳቸው የተጠማዘዘውን ወይም እንደ ሾጣጣ የተሠሩትን ማውጣት አይችልም። ከዚህም በላይ የመፈልፈያ ማሽን ጊር የሚሸከመው ጭነት ትንሽ፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ጥቂት ዙር በመሆኑ ነው አክሪሊክ የሚበቃው። ለእህል ወፍጮ፣ ለውኃ መሳቢያ ወይም ለበቆሎ መፈልፈያ ማሽን እንዲሠራላቸው የሚጠይቁ ይኖራሉ፤ መልሱ አይሆንም ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የተሰበረ የአክሪሊክ ጥርስ እንደ ስለት ተስፈንጥሮ ሰውን ይጎዳል።

ለእነዚህ ግን ሌዘሩ በሌላ መንገድ ሊያገለግል ይችላል። በአሸዋ ቅርጽ አሉሚኒየም የሚያፈሱ ባለሙያዎች ከእንጨት የተሠራ ሞዴል ይፈልጋሉ፤ የጊር ጥርስን በእጅ መቅረጽ ደግሞ ከሁሉ አድካሚው ሥራቸው ነው። ከኮምፔርሳቶ ተቆርጦ የተደራረበ ጊር ሞዴል ሊሆናቸው ይችላል። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ 1.3 በመቶ ያህል ስለሚሸማቀቅ ሥዕሉ በዚያው መጠን ይጨምራል፤ 300 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የሚፈለገው ጊር 304 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ ቁርጥራጮቹ አይገለበጡም፤ ሁሉም ጠባብ ወገናቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኖ ይደረደራሉ፤ ሞዴሉ አሸዋውን ሳያፈርስ እንዲወጣ ከላይ ወደ ታች እየጠበበ መሄዱ ያስፈልጋልና፣ ሌዘሩ የሰጠው ዘንበል ካልበቃም በብርጭቆ ወረቀት ይጨመርበታል። ፈስሶ የወጣው ጊር ጥርሱ ሸካራ ስለሚሆን በሞረድ ይስተካከላል፤ ከዚያም በእጅ ለሚዞር ዝግተኛ መሣሪያ ይውላል።